ቴኒስ ለሕብለ ሰረሰር ጉዳት ሕክምና ነው ወይስ ማባበያ?

ጥያቄ፦ ታላቅ እህት

ጤና ይስጥልኝ። የምጠይቀው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወንድሜ 26 ዓመቱ ሲሆን ከዘጠኝ ወር በፊት በደረሰበት የመኪና አደጋ አንገቱ ላይ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ደርሶበታል። በሕክምና ማስረጃው ላይ «ሲ6፣ በአሲያ መለኪያ ቢ» ተብሎ ተጽፏል፤ ትርጉሙን ስንጠይቅ «ሲ6» ስድስተኛው የአንገት የነርቭ ክፍል መሆኑን፣ «ቢ» ደግሞ ከጉዳቱ በታች ባለው ሰውነቱ ላይ ስሜት በከፊል እንደ ቀረለት፣ እንቅስቃሴ ግን እንደሌለው የሚያሳይ መሆኑን ተነግሮናል። ክርኑን ያጥፋል፣ የእጅ አንጓውንም ወደ ላይ ያነሣል፤ ክንዱን በኃይል መዘርጋትና ጣቶቹን በፈቃዱ መጨበጥ ግን አይችልም።

ላለፉት ሦስት ወራት በኦኩፔሽናል ቴራፒ (የዕለት ኑሮ ተግባራትን መልሶ በሚያለማምደው ሕክምና) ክፍል የተሰጠው ልምምድ ሾጣጣ ፕላስቲኮችን ከጠረጴዛው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ማዛወርና የመሳሰለው ነበር። እርሱ ግን ከጀመረ ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ፊቱን ያዞራል፤ «የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪ አደረጋችሁኝ» ይላል። ይህን ያየችው ቴራፒስት ባለፈው ሳምንት፣ ራኬቱ ከእጁ ጋር በፋሻ ታስሮ፣ በቀላል ኳስ፣ ዊልቸሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ቴኒስ ቢሞክር ምን እንደሚመስለን ጠየቀችን። ወንድሜ ከአደጋው በፊት እግር ኳስ እንጂ ቴኒስ ተጫውቶ አያውቅም፤ ሆኖም ከብዙ ወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «መቼ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰማሁት። እናታችን በአንጻሩ ተከፋች። «ልጄ ኩባያ ማንሣት ሳይችል ራኬት ቢይዝ ምን ሊረባው ነው?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ።

ይህ ነገር በእርግጥ ሕክምና ነው ወይስ ተስፋ የቆረጠን ሰው ማባበያ? ጉዳት ሊያመጣበት የሚችለውስ በምን በኩል ነው? ከተጀመረ በኋላ እየጠቀመው መሆኑን በምን እንወቅ?


መልስ፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ

ከእናትዎ ጥያቄ ልነሣ፤ ወደ ነገሩ ሥር የገባው እርሱ ነውና። ኩባያና ራኬት ለወንድምዎ እጅ የተለያዩ ችግሮች አይደሉም። ሁለቱም መያዝን ይፈልጋሉ፤ ሁለቱም ክንዱ ከሰውነቱ ርቆ ሲሄድ ወገቡ ተከትሎ እንዳይወድቅ ይጠይቃሉ። ልዩነቱ ኩባያው በቦታው ሆኖ ሲጠብቅ ኳሱ ግን ራሱ መምጣቱ ነው፤ ስለዚህ ወንድምዎ በጠረጴዛው ላይ ለአሥር ጊዜ እንኳ የማይደግመውን እጅ የመዘርጋት እንቅስቃሴ በሜዳው ላይ ሳይቆጥረው መቶ ጊዜ ሊደግመው ይችላል።

በሙያችን ውስጥ ኦኩፔሽን የሚለው ቃል ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራን ብቻ አያመለክትም። ሰው ቀኑን የሚሞላበትንና ለእርሱ ትርጉም ያለውን ማንኛውንም ተግባር፣ መልበሱንም፣ መማሩንም፣ መጫወቱንም ያጠቃልላል። ስለዚህ ጨዋታው ራሱ የሕክምናው መሣሪያ ሊሆን ይችላል። «ሊሆን ይችላል» ያልሁት ሆን ብዬ ነው፤ ሰውን ሜዳ ወስዶ ኳስ መወርወር ብቻውን ቴራፒ አይባልም። ቴራፒ የሚሆነው እንቅስቃሴው ተተንትኖ፣ ከሰውየው አቅም ጋር ተመጥኖ፣ በዕለት ኑሮው ውስጥ ካለ ተለይቶ ከታወቀ ተግባር ጋር ሲያያዝ ነው። ሐሳቡም አዲስ አይደለም፤ ሉድቪግ ጉትማን በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል የሕብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍልን እ.ኤ.አ. በ1944 ከከፈተ በኋላ ስፖርትን የሕክምናው አካል አድርጎት ነበር፤ በ1948 በሆስፒታሉ ግቢ 16 ታካሚዎችን በቀስት ውርወራ ያወዳደረበት ቀን ዛሬ የፓራሊምፒክ መነሻ ተደርጎ ይቆጠራል።

ስለ እጁ ጥቂት ልዘርዝር። የሲ6 ጉዳት ያለበት ሰው ጣቶቹን በፈቃዱ ባይጨብጥም፣ አንጓውን ወደ ላይ ሲያነሣ የጣቶቹ ጅማቶች ስለሚወጠሩ ጣቶቹ በራሳቸው ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ አውራ ጣቱም ወደ ጠቋሚ ጣቱ ጎን ይጠጋል፤ አንጓው ሲወርድ ደግሞ ይከፈታሉ። ይህን ቴኖዴሲስ እንለዋለን። ወንድምዎ ወደፊት ኩባያም ማንኪያም የሚይዘው በዚህ ነው። ስለዚህ ከቤተሰብም ሆነ ከአሠልጣኝ ወገን ማንም ሰው «ላፍታታልህ» ብሎ አንጓውንና ጣቶቹን በአንድ ጊዜ ወደ ኋላ እንዳይዘረጋበት አደራ እላለሁ፤ ጅማቶቹ ከላሉ ያ መያዣ ይጠፋል፤ የጠፋውን መመለስም ከባድ ነው።

ራኬትን በቴኖዴሲስ ብቻ መያዝ አይቻልም፤ ኳሱ ሲያርፍበት ያመልጣል። የሚታሰረው ለዚህ ነው። ፋሻው ጣቶቹን በመያዣው ዙሪያ አቅፎ፣ አንጓው በመጠኑ ወደ ላይ እንደ ተነሣ እንዲሠራ የሚያስችለው መሆን አለበት፤ አንጓውን ጨርሶ የሚያስር ፋሻ ልናጠነክረው የምንፈልገውን ጡንቻ ሥራ ያስፈታዋል። የእጁ ስሜት ሙሉ ስላልሆነ ፋሻው ቢጠብቅ ላያውቀው ይችላል፤ እኔ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየ15 ደቂቃው እየፈታሁ የቆዳውን ቀለም አያለሁ። እጁ አንዴ ከታሰረ አያያዙን መለዋወጥ ስለማይችል፣ ከቀኝም ሆነ ከግራ የመጣውን ኳስ በአንዱ የራኬት ገጽ መምታት ይማራል፤ ብዙ የእጅ ጉዳት ያለባቸው ተጫዋቾች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

የምጀምረው በሜዳ ሳይሆን በቴራፒ ክፍሉ ውስጥ በፊኛ ነው፤ ፊኛ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ጊዜ ይሰጣል። ቀጥሎ የሕፃናት ማሠልጠኛ የሆነው ቀይ ኳስ ይመጣል፤ ከተለመደው ኳስ ወደ 75 በመቶ የሚዘገይ ሲሆን የሚጫወቱበትም ሜዳ ርዝመት ከ23.77 ሜትሩ ሙሉ ሜዳ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። «የሕፃናት» የሚለውን ቃል ግን ለወንድምዎ ባይነግሩት ይሻላል፤ በሾጣጣው ፕላስቲክ የደረሰው ይበቃል። ከቀዩ ወደ ብርቱካናማው፣ ከዚያም ወደ አረንጓዴው ይሸጋገራል፤ በቀይ ኳስ ላይ ለዓመታት ቢቆይም ግን ሕክምናው አልከሸፈም።

እየጠቀመው መሆኑን እንዴት እንደምታውቁ ጠይቀዋል። በእኔ መዝገብ ላይ «ዛሬ ሃያ ኳስ መታ» የሚል አይጻፍም፤ የሚጻፈው «ወደ ፊት ካጎነበሰ በኋላ የዊልቸሩን ክንድ ሳይደገፍ ቀና አለ» የሚል ነው፤ ወለል ላይ የወደቀ ዕቃ የሚያነሣውም፣ ጫማውን የሚያደርገውም በዚያው እንቅስቃሴ ነውና። ከዚህ በተጨማሪ በሙያችን የካናዳ የተግባር አፈጻጸም መለኪያ የሚባል የታወቀ ቃለ መጠይቅ አለ። ታካሚው ራሱ ሊሠራቸው የሚፈልጋቸውን እስከ አምስት የሚደርሱ ተግባራት ይመርጣል፤ አሁን እንዴት እንደሚሠራቸውና በዚያ ምን ያህል እንደሚረካ ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ እንደገና ይሰጣል። በሁለት ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ እንደ ቁም ነገር ይወሰዳል። ከመጀመሪያው ፊኛ በፊት ይህ መሞላት አለበት፤ መልሱም የእናትዎ ወይም የእርስዎ ሳይሆን የእርሱ መሆን አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሕክምናው ግማሹ የሚፈጸመው ሜዳ ከመድረሱ በፊት ነው ብል ብዙ አልተሳሳትሁም። ፊኛውን በሰዓቱ ባዶ ማድረግ፣ ቦርሳውን ማዘጋጀት፣ ከዊልቸር ወደ መኪና መሸጋገር፣ የጎደለውን ነገር ከማያውቀው ሰው ሳያፍር መጠየቅ፤ ቴኒሱ እነዚህን ሁሉ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያስገድደዋል። (አሁን ፊኛ ያልሁት የሽንት ፊኛን እንጂ የሚነፋውን አይደለም፤ በአማርኛ ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው በሥራ ላይም ያሳስታል።) ቴኒስ የተጎዳውን ሕብለ ሰረሰር መልሶ አይጠግንም፤ ይህን ለእናትዎም ለወንድምዎም ከወዲሁ በግልጽ መናገር ይገባል።


መልስ፦ የተሐድሶ ሐኪም

ባልደረባዬ የጻፉትን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ጉዳት በምን በኩል ሊመጣ ይችላል የሚለውን ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይመልሱት አልፈዋል። ለዚህ ወጣት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው አከርካሪው መጽናቱን በምስል አይቶ የሚያረጋግጥለትና በጽሑፍ የሚፈቅድለት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። ያ ሳይገኝ ፊኛም ቢሆን አይመታም።

ጉዳቱ ከደረት ስድስተኛው ክፍል በላይ ስለሆነ ኦቶኖሚክ ዲስሬፍሌክሲያ የሚባለውን አደጋ ቤተሰቡ በቃሉ ሊያውቀው ይገባል። ከጉዳቱ በታች የሚነሣ አንድ ቁርቁር፣ ለምሳሌ የሞላ የሽንት ፊኛ፣ የታጠፈ ካቴተር (የሽንት ማውጫ ቱቦ)፣ የሆድ ድርቀት ወይም ከመጠን በላይ የጠበቀ ማሰሪያ፣ የደም ግፊቱን በድንገት ያሻቅበዋል። በአንገት ጉዳት ያለባቸው ሰዎች የተለመደ የላይኛው ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ90 እስከ 110 ስለሆነ፣ ለሌላው ሰው ደኅና የሚመስለው 140 ለእነርሱ የአደጋ ምልክት ሊሆን ይችላል። ራስን የሚሰነጥቅ ሕመም፣ የፊት መቅላትና ከጉዳቱ በላይ የሚታይ ላብ ሲመጣ ጨዋታው ወዲያው ይቆማል፤ ወንድምዎን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት እንጂ አታስተኙት፤ ማሰሪያዎችን ሁሉ ፍቱ፤ ካቴተሩን ተመልከቱ፤ መንሥኤው ካልተገኘ ወይም ግፊቱ ካልወረደ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ውሰዱት። የራሱን የተለመደ ግፊት አስቀድማችሁ ለክታችሁ ጽፋችሁ ካልያዛችሁ በዚያ ሰዓት የምታነጻጽሩበት አይኖራችሁም።

ሙቀትም አለ። ከጉዳቱ በታች ያለው ቆዳ እንደ ወትሮው ስለማያልበው ሰውነቱ የሚቀዘቅዝበት መንገድ ጠባብ ነው፤ በፀሐይ ላይ ቶሎ ይግላል። ጥላ፣ የውኃ መርጫና እርጥብ ፎጣ ከራኬቱ እኩል ይያዙ። የልብ ምቱን ቆጥራችሁ ድካሙን ለመገመት አትሞክሩ፤ ልብን የሚያፋጥነው የነርቭ ትእዛዝ ስለ ተቋረጠ እርሱ ቢደክምም ምቱ ከ120 ወይም ከ130 ብዙ ላያልፍ ይችላል። እርሱ ራሱ ድካሙን በቁጥር ቢናገር የተሻለ ነው። የመቀመጫ ቆዳውንም በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን በማዘንበል ለሁለት ደቂቃ ያህል ያሳርፍ፤ ወደ ቤት ሲመለስም በመስታወት ይታይ።

ከባልደረባዬ የምለይበት ነጥብ ትከሻ ነው። ክርኑን የሚዘረጋው ጡንቻ የማይሠራለት ሰው ዊልቸሩን የሚገፋው፣ የሚሸጋገረው፣ ዕቃ የሚያነሣውም በትከሻው ነው። በዚያ ላይ ራኬት የታሰረበት እጅ ጎማውን በደንብ ስለማይዝ ግፊያው ይጣመማል። ትከሻው ቢጎዳ ጨዋታውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ ከአልጋ መነሣቱንም ያጣል። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዊልቸሩ በአንድ ቦታ ተቆልፎ ይምታ፤ ከራስ በላይ የሚደረግ ምት ይቅርበት፤ ትከሻውን ወደ ኋላ የሚስቡ ጡንቻዎች በቀላል ላስቲክ ይጠንክሩ። በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለአካል ብቃት ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ 20 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ጠንከር ያለ እንቅስቃሴን ከጡንቻ ማጠንከሪያ ጋር ይመክራል፤ ነገር ግን የተዘጋጀው ጉዳታቸው ዓመት ላለፋቸው አዋቂዎች ስለሆነ፣ ዘጠኝ ወር ላይ ያለ ሰው እንደ ግዴታ ሊወስደው አይገባም።


መልስ፦ የአሥራ አንድ ዓመት ተጫዋች

እኔ ጉዳቴ ቲ10 (የደረት አሥረኛው ክፍል) ላይ ስለሆነ ሁለቱም እጆቼ ጤነኞች ናቸው፤ ስለ ወንድምዎ እጅ ለመናገር አልደፍርም። ስለ ዊልቸሩና ስለ ጨዋታው ግን የማውቀውን ላካፍል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ የወጣሁት በቤት ውስጥ በምጠቀምበት ዊልቸር ነበር፤ ወደ ኋላ ተገልብጬ ጭንቅላቴን መታሁ። አሠልጣኙ ከዚያ በኋላ ለወራት ለብቻዬ ግድግዳ ላይ ኳስ እንድመታ አደረገኝ፤ ለደኅንነቴ አስቦ ሊሆን ይችላል፣ ለእኔ ግን ከመውደቄ ይልቅ ያ ከበደኝ። የስፖርት ዊልቸር ጎማዎቹ ከታች ሰፍተው ከላይ ስለሚጠጉ በጎን በቀላሉ አይገለበጥም፣ ሲዞርም ፈጣን ነው፤ ከኋላው ደግሞ መገልበጥን የሚከለክል ትንሽ ጎማ አለው። ወገብ፣ ጉልበትና እግር በሰፊ ማሰሪያ ይያዛሉ። ወገቤ በታሰረ ቀን እጄን ስዘረጋ የማልወድቅ መሆኔን አወቅሁ፤ ከዚያ በፊት አንድ እጄ ሁልጊዜ ዊልቸሩን እንደ ጨበጠ ነበር። ሐኪሙ ስለ ጠበቀ ማሰሪያ የጻፉትን ግን አይርሱ።

ሜዳው፣ መረቡ፣ ራኬቱና ኳሱ ከማንኛውም ቴኒስ ጋር አንድ ናቸው። ዋናው ልዩነት ኳሱ ሁለት ጊዜ እስኪነጥር መጠበቅ መቻሉ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚነጥረው ከመስመሩ ውጭ ቢሆንም ይፈቀዳል። ስለዚህ ጉዳት ከሌለበት ሰው ጋር፣ ለምሳሌ ከእርስዎ ጋር፣ በአንድ ሜዳ መጫወት ይችላል፤ ለእርስዎ ኳሱ አንድ ጊዜ፣ ለእርሱ ሁለት ጊዜ መንጠር ይችላል። እኔ በተሐድሶ ማእከል ካገኘሁት ሁሉ የበለጠብኝ ይህ ነው፤ ከወንድሞቼ ጋር ስጫወት ማንም ለእኔ ብሎ አይሸነፍልኝም።

ጨዋታው በ1976 በአሜሪካ የተጀመረው ብራድ ፓርክስ በሚባል ወጣት ሲሆን፣ እርሱም በበረዶ ሸርተቴ አደጋ ሽባ ሆኖ ገና በተሐድሶ ላይ የነበረ ሰው ነው። በ1992 በባርሴሎና ሙሉ የፓራሊምፒክ ስፖርት ሆነ፤ በ2004 በአቴንስ ደግሞ እንደ ወንድምዎ እጃቸውም የተጎዳ ሰዎች የሚወዳደሩበት ኳድ የሚባለው ምድብ ተጨመረ። በዚያ ምድብ ራኬትን ከእጅ ጋር ማሰር የተፈቀደ ነው፤ በሕብለ ሰረሰር ጉዳት ጣቶቹ የማይጨብጡለት ዴቪድ ዋግነር ራኬቱን በእጁ ላይ አስሮ ሜዳሊያዎችን ወስዷል። ኳሱን ለመጀመሪያው ምት መወርወር የማይችል ተጫዋችም ሌላ ሰው ሊጥልለት ይችላል። ይህን የምጽፈው ወንድምዎ ለሻምፒዮና እንዲያስብ አይደለም፤ እጁ የታሰረው ለሕክምና ብቻ መስሎት እንዳያፍርበት ብዬ ነው።


ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሙ ስለ ትከሻ የሰጡትን ምክር ሳነብ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ ዊልቸሩን መግፋት ለትከሻው ይህን ያህል ከባድ ከሆነ በኤሌክትሪክ የሚሄደውን ቢጠቀም ነውር አለው? እርሱ «ያኔ ጨዋታ አይሆንም» ይላል።


መልስ፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ

ምንም ነውር የለውም። በኳድ ምድብ የኤሌክትሪክ ዊልቸር በደንቡ የተፈቀደ ነው፤ ኒኮላስ ቴይለር በእርሱ እየተጫወተ ከዋግነር ጋር በጥንድ የፓራሊምፒክ ወርቅ ወስዷል። በአንድ እጁ መንጃውን ይዞ በሌላው እየመታ መንገዱን ማስላት ራሱ ከባድ ልምምድ ነው። ሐኪሙ ስለ ትከሻ ያሉትንም እቀበላለሁ፤ ዊልቸሩ ተቆልፎ መጀመሩ ተገቢ ነው። በቴራፒ ክፍሉ ሁለቱንም ሞክሮ የትኛው ከሰዓት በኋላ ለሌላ ነገር ጉልበት እንደሚያስተርፍለት ይይ። ከሜዳ ተመልሶ ራቱን ራሱ መብላት የማይችል ከሆነ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው።


ከጠያቂዋ፣ ከአሥር ቀን በኋላ

የቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ምስሉን አይተው ፈቅደዋል። የተለመደው ግፊቱ 98 በ60 መሆኑን ለክተን በቦርሳው ኪስ ውስጥ በካርድ ጽፈን አኑረናል። ቴራፒስቷ የካናዳውን ቃለ መጠይቅ ስታደርግለት እናታችንና እኔ ውጭ እንድንጠብቅ ጠየቀችን። ከጨረሱ በኋላ ወረቀቱን እንድናየው ፈቀደልን፤ በመጀመሪያው መስመር ላይ ቴኒስ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ፣ የተጻፈው «ጃኬቴን ራሴ መልበስ» የሚል ነበር፤ ሁለተኛው «ሳልጠይቅ ሰው ከኋላዬ ዊልቸሬን እንዳይገፋ» ይላል፤ ለዚህኛው ለእርካታው የሰጠው ነጥብ 1 ነው። ቴኒሱ አራተኛ ላይ ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከኋላ የምገፋው እኔ ነኝ።

ማክሰኞ በፊኛ ይጀምራሉ። እናታችን አብራ ለመሄድ ጠይቃለች፤ ፋሻ አስተሳሰሩን ራሷ መማር ትፈልጋለች።